ልጆቹ በነፃ ስለሄዱ ብቻ ጉዞው አይረክስም፤ ስለ ባቡር ፓስ ለተጻፈው ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ ሲዘዋወር ነበር። ልጆች ይዘው በባቡር አውሮፓን ወይም ጃፓንን መዞር ለሚያስቡ ወላጆች ስለ ባቡር ፓስ የተጻፈ ነው፤ አንዴ ተገዝቶ ለተወሰኑ ቀኖች እንደልብ ስለሚያሳፍረው ትኬት። ለእኔ ብቻ ሦስት ሰው ላከልኝ። የሦስቱም ጥያቄ አንድ ነበር፦ «እንግዛው ወይ?» ለአንዷ ጓደኛዬ በስልክ አንድ ሰዓት ሙሉ ሳስረዳ ቆይቼ ስዘጋው፣ ይሄን ነገር ጽፌ ባስቀምጠው ይሻላል አልኩ።

ያላነበባችሁት እንድትከታተሉ ጽሑፉ የሚለውን ባጭሩ ላስቀምጥ። ልጆች በነፃ ስለሚሳፈሩ የባቡር ፓስ ለቤተሰብ ሁሌም ይረክሳል ይላል። ረጅሙን ፓስ ግዙ፣ ለቀን ሲካፈል ዋጋው ይወርዳል ይላል። ፓስ የያዘ ሰው ትኬት መቁረጥም ቦታ ማስያዝም አያስጨንቀውም፣ ልጅ ያለው አንደኛ ማዕረግ ይውሰድ፣ የየአገሩ የቅናሽ ካርድ ለነዋሪ ስለሆነ ብዙ አገር የሚሸፍነውን አንድ ትልቅ ፓስ መግዛት ነው የሚያዋጣው ይላል። መጨረሻ ላይ ደግሞ ጃፓን የሚሄድ ሰው ሳያመነታ ይግዛ ብሎ ይዘጋል።

ጸሐፊው ለወላጆች አስበው እንደጻፉ ይገባኛል። ልጅ በባቡር መስኮት ሲያይ የሚሰማውን ደስታ የገለጹበት ቦታ በጣም ደስ ይላል። ግን ምክራቸውን አምኖ ገንዘቡን የሚከፍለው ዓመቱን ሙሉ ለዚህ ጉዞ ሲያጠራቅም የቆየ ቤተሰብ ነው። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ እንሂድ።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ የመጀመሪያው ነው፤ የቀሩት ሁሉ የቆሙት እሱ ላይ ነው። «ልጆች በነፃ» የሚለው ውሸት አይደለም። ዩሬይልና ኢንተርሬይል በሚባሉት፣ ብዙ የአውሮፓ አገሮችን በሚሸፍኑት ትልልቅ ፓሶች ላይ ዕድሜው ከ4 እስከ 11 የሆነ ልጅ ከአዋቂ ጋር ከተጓዘ የልጅ ፓስ በነፃ ያገኛል። አንድ አዋቂ ሁለት ልጅ ይዞ መሄድ ይችላል። ከ4 ዓመት በታች ያለ ሕፃን ደግሞ ጭራሽ ፓስ አያስፈልገውም። እዚህ ድረስ ልክ ናቸው።

ችግሩ ያለው ማወዳደሩ ላይ ነው። ጸሐፊው የፓሱን ዋጋ ያስተያዩት አራት ሰው አራት ሙሉ ትኬት ቢገዛ ከሚያወጣው ጋር ነው። እንደዚያ የሚገዛ ቤተሰብ ግን የለም። ጀርመን ውስጥ ከ6 ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ ትኬት ነው የሚሳፈረው። ከ6 እስከ 14 ያለውም ቢሆን ዕድሜው 15 ከሞላ ሰው ጋር ከሆነ በተራው የዶይቸ ባን (የጀርመን ባቡር ድርጅት) ትኬት ነፃ ነው፣ እስከ አራት ልጅ ድረስ፤ ትኬቱ ሲገዛ የልጆቹን ቁጥር ማስገባት እንዳትረሱ እንጂ ሌላ ነገር አይጠየቅም። ስዊዘርላንድ ከ6 ዓመት በታች ያለ ልጅ ከአዋቂ ጋር ነፃ ነው። እንግሊዝ ከ5 በታች ያለው ነፃ ነው፣ ከ5 እስከ 15 ያለው ግማሽ ይከፍላል። ጣልያን ውስጥ የባቡር ድርጅቱ ትሬኒታሊያ ከ15 ዓመት በታች ያሉትን በነፃ የሚያስኬድ የቤተሰብ ቅናሽ አለው። እዚያ ግን አዋቂዎቹ መደበኛውን ዋጋ እንዲከፍሉ ስለሚጠበቅ፣ አንዳንድ ጊዜ ለሁሉም ቀድሞ ርካሹን ትኬት መግዛት ይሻላል።

ልጁ ያለ ፓስም ነፃ ከሆነ በነፃ መሄዱ የፓሱ ትርፍ ተብሎ ሊቆጠር አይገባም። ማወዳደር ያለባችሁ የአዋቂዎቹን ፓስ ከአዋቂዎቹ ትኬት ጋር ነው። ልጆቹን በሁለቱም በኩል በእርግጥ በሚከፈልላቸው ልክ ብቻ አስገቧቸው። በዚህ መንገድ ሲሠራ ውጤቱ ብዙ ጊዜ ይገለበጣል።

እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። ወረቀት ላይ የምንሄድባቸውን ከተሞች በቅደም ተከተል እጽፋለሁ። ከዚያ በየመንገዱ ፊት ለፊት የዚያን ቀን ትኬት፣ የባቡር ድርጅቱ ራሱ በሚሸጥበት ቦታ የልጆቹን ዕድሜ አስገብቼ፣ ስንት እንደሚል እመዘግባለሁ። የምመዘግበው ቀድሞ ሲገዛ የሚገኘውን ዋጋ ነው። በጉዞው ዋዜማ የሚጠየቀውን ካስገባችሁ ፓሱ ሁሌም ርካሽ ይመስላል። ጎን ለጎን የፓሱን ዋጋ፣ ከሥሩ ደግሞ የቦታ ማስያዣውን እጽፋለሁ። አንድ ምሽት የሚፈጅ ሥራ ነው። ልጆቹ ከተኙ በኋላ ሻይ ይዞ መቀመጥ ነው።

እዚሁ ላይ ጸሐፊው ጨርሶ ያላነሱት አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ «ልጅ» የሚባለው ማን እንደሆነ። በዩሬይልና በኢንተርሬይል ልጅነት 12ኛ ዓመት ላይ ያበቃል። ከ12 እስከ 27 ያለው ወጣት ነው፣ ከአዋቂ ዋጋ እስከ 25 በመቶ ተቀንሶለት ይከፍላል። ስዊዘርላንድ ግን እስከ 16ኛ ልደቱ ድረስ ልጅ ነው። ጀርመን እስከ 14፣ እንግሊዝ እስከ 15፣ ጃፓን ከ6 እስከ 11። ስለዚህ የ8 ዓመትና የ13 ዓመት ልጆች ያላቸውን ባልና ሚስት አስቡ። በትልቁ የአውሮፓ ፓስ ሦስት ሰው ነው የሚከፍለው። በስዊዘርላንድ ፓስ ሁለት ሰው ብቻ። በተራ የጀርመን ትኬትም ሁለት ሰው ብቻ። የ13 ዓመቱ ልጅ ሒሳቡን እንዳለ ይለውጠዋል፤ ጽሑፉ ላይ ግን ልጆች ሁሉ እንደ አንድ ነው የተቆጠሩት። ደግሞ 12 ሊሞላ የደረሰ ልጅ ካላችሁ ይሄን ያዙ፦ በዩሬይልና በኢንተርሬይል ዕድሜው የሚታየው ፓሱ በሚጀምርበት ቀን ነው። ልደቱ በጉዞው መሀል ቢውል የልጅ ፓሱ እስከ መጨረሻው ይሠራል። እኛ አንድ ዓመት መነሻችንን በአራት ቀን ቀደም ያደረግነው በዚሁ ምክንያት ነው።

ከማን ጋር እንደሚሄዱም ይወስናል። በዩሬይል የልጅ ፓስ ለያዘ ልጅ አብሮት ያለው አዋቂ ወላጁ መሆን የለበትም፤ አክስትም፣ አያትም፣ የቤተሰብ ወዳጅም ይሆናል። ከስዊዘርላንድ ፓስ ጋር ልጆችን በነፃ የሚያስኬደው የቤተሰብ ካርድ ግን ቢያንስ አንድ ወላጅ አብሮ እንዲሆን ይጠይቃል። ልጆቻችሁን ከአያታቸው ጋር ልትልኩ ካሰባችሁ ይሄ ትንሽ ልዩነት አይደለም።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። ረጅሙን ግዙ የሚለው። ለቀን ሲካፈል ይቀንሳል የሚለው እውነት ነው፤ ግን ቀኖቹን በሙሉ ከተጠቀማችሁባቸው። ልጅ ይዞ የተጓዘ ሰው ቀኖቹ እንዴት እንደሚያልፉ ያውቃል። አንዱ ትኩሳት ይነሳበታል፣ አንዷ መዋኛ ካላየች አትነሳም፣ ትናንት ስድስት ሰዓት ባቡር ላይ የተቀመጠ ልጅ ዛሬ ደግሞ ተነስ ሲባል ያለቅሳል። በሁለት ሳምንት ጉዞ ውስጥ እኛ በእርግጥ ረጅም መንገድ የሄድንባቸው ቀኖች አራት፣ ቢበዛ አምስት ናቸው። ለዚህ የ15 ቀን ተከታታይ ፓስ መግዛት ለአሥር ቀን ያልተሳፈራችሁበትን መክፈል ነው።

ዩሬይልም ኢንተርሬይልም ላይ ቀኖቹን ራሳችሁ የምትመርጡበት ዓይነት አለ፤ በአንድ ወር ውስጥ 4፣ 5 ወይም 7 ቀን፣ በሁለት ወር ውስጥ 10 ወይም 15 ቀን። ለቤተሰብ የሚሆነው በአብዛኛው ይሄ ነው። አንድ የጉዞ ቀን ከእኩለ ሌሊት እስከ እኩለ ሌሊት ነው፤ በዚያ ውስጥ ባቡር መቀያየር ገደብ የለውም። የሌሊት ባቡር ከሆነ የሚቆጠረው የተነሳችሁበት ቀን ብቻ ነው፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሌላ ባቡር እስካልቀየራችሁ ድረስ። ረጃጅሞቹን መንገዶች በፓሱ ቀን አድርጓቸው። ለሃያ ደቂቃ ወደ ጎረቤት ከተማ ሽርሽር ግን ተራ ትኬት ቁረጡ እንጂ አንድ ሙሉ ቀን አታቃጥሉበት። ሜትሮና ትራም ደግሞ በትልቁ ፓስ ውስጥ በአብዛኛው አይካተቱም። የጀርመን ኤስ ባን (ከተማንና ዳርቻውን የሚያገናኘው ባቡር) ይካተታል፣ ከሱ ውጭ ግን የከተማ መጓጓዣ ራሱን የቻለ ወጪ ነው።

ተከታታይ ፓስ የሚያዋጣበት አገር ቢኖር ስዊዘርላንድ ነው። እዚያ ፓሱ (3፣ 4፣ 6፣ 8 ወይም 15 ቀን) ባቡሩን ብቻ ሳይሆን አውቶቡሱን፣ የሐይቅ ጀልባውን፣ ከ90 በላይ ከተሞች ውስጥ ትራሙን፣ ከ500 በላይ ሙዚየሞችን ይሸፍናል። ባቡር ረጅም መንገድ ባትሄዱበትም በየቀኑ ትጠቀሙበታላችሁ። ለልጆች ደግሞ ጀልባው ብቻውን አንድ ቀን ይሞላል። ወደ ሪጊ ተራራ የሚወጣው ባቡርም ውስጡ አለ። ወደ ዩንግፍራውዮኽ ተራራ የሚወጣው ግን የለም፤ እዚያ ፓሱ የሚሰጠው 25 በመቶ ቅናሽ ብቻ ነው፣ የቀረው ከኪስ ነው። ብዙ ሰው ጣቢያው ላይ ደርሶ ነው ይሄን የሚሰማው።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነጥብ መጣን። «ፓስ ካላችሁ ቦታ ስለማስያዝ አትጨነቁ» የሚለው። ይሄን ምክር ሰምተን ነው እኛ የተቸገርነው።

ነገሩ በየአገሩ ይለያያል። ጀርመን፣ ኦስትሪያ፣ ስዊዘርላንድ፣ ኔዘርላንድስ፣ ቤልጅየም ውስጥ በአብዛኛው ባቡር ፓስ ይዞ መሳፈር ብቻ ነው። የፈረንሳዩ ፈጣን ባቡር ቲጂቪ፣ የስፔን ፈጣን ባቡር፣ የጣልያኑ ፈጣን ባቡር ፍሬቻሮሳ፣ ለንደንን ከዋናው አውሮፓ የሚያገናኘው ዩሮስታር፣ የሌሊት ባቡሮች ግን ፓስ ኖራችሁም አልኖራችሁ መቀመጫ ቀድማችሁ ካልያዛችሁ አያስገቡም። ማስያዣው በነፍስ ወከፍ ይከፈላል። በነፃ ፓስ የሚሄደው ልጅም ይከፍላል። ለንደን በሚገባው ዩሮስታር ላይ ለአንድ ሰው አንድ መንገድ ከ30 ዩሮ በላይ ነው፤ አራት ሰው ከሆናችሁ ከ120 ዩሮ በላይ፣ ደርሶ መልስ ደግሞ እጥፉ። ይሄ በፓሱ ዋጋ ላይ የሚጨመር ነው። «በነፃ» የተባለው ልጅ በአንድ ጉዞ ብቻ ከ30 ዩሮ በላይ ያስወጣል።

ገንዘቡ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ዩሮስታርና ቲጂቪ ለፓስ ባለቤቶች የሚለቁት የመቀመጫ ብዛት የተወሰነ ነው። ባቡሩ ላይ ባዶ ቦታ እያለ ለፓስ የተመደበው ሊያልቅ ይችላል። እኛ ላይ የደረሰው ይሄ ነው። በክረምቱ ዕረፍት ከባርሴሎና ወደ ፓሪስ በቀጥታ ባቡር ልንሄድ አስበን ነበር። ፓሱን የሸጠልን ወኪል ስለ ማስያዣ አንድም ቃል አልነገረንም። ከመነሳታችን ሁለት ሳምንት ቀደም ብለን ስንጠይቅ በፈለግነው ቀን ብቻ ሳይሆን በዚያ ሳምንት በሙሉ ለፓስ የተመደበው አልቋል ተባልን። ሙሉ ትኬት ለመግዛት ዋጋው ለአራታችን የማይቻል ሆኖብን ነበር። በመጨረሻ ማስያዣ በማይጠይቁት ዝግተኛ ባቡሮች እስከ ድንበሩ፣ ከድንበሩ ወደ ናርቦን፣ ከዚያ ቱሉዝ ደርሰን አደርን። በማግሥቱ አንቴርሲቴ በሚባለው የፈረንሳይ አገር አቋራጭ ባቡር (እሱም ማስያዣ ይጠይቃል፣ ግን ቦታ ነበረው) ፓሪስ ገባን። የአንድ ቀን መንገድ ሁለት የፓስ ቀን በላ። ድንበሩ ላይ የተኛች ሕፃን ይዤ የልጅ ጋሪና ሁለት ሻንጣ ደረጃ ለደረጃ ሳወርድ፣ ይሄን ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ብዬ ነበር። ይኸው ዛሬ እየተናገርኩ ነው።

እሺ፣ ፈረንሳይና ስፔን መሄድ የምትፈልጉ ከሆነስ? ፓስ ከመግዛታችሁ በፊት መጀመሪያ ማስያዣ መኖሩን እዩ። ሌላው መንገድ ለፈረንሳይና ለስፔን ክፍል ቀድሞ የሚሸጠውን ርካሽ ትኬት ገዝቶ፣ ፓሱን ማስያዣ ለማይጠይቁት አገሮች ብቻ ማድረግ ነው። እኔ አሁን የማደርገው ሁለተኛውን ነው።

ጀርመን ላይም ማስያዝ ግዴታ ባይሆንም፣ በዕረፍት ወራት በአይሲኢ (የጀርመን ፈጣን ባቡር) ልጆች ይዛችሁ ሳታስይዙ አትሂዱ። ኮሪደር ላይ ሻንጣ ላይ ተቀምጦ ሦስት ሰዓት መሄድ ለልጅ አይሆንም። ድሮ ቤተሰብ በሙሉ በ10.40 ዩሮ የሚያስይዝበት የቤተሰብ ማስያዣ ነበር። እሱ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2025 ጀምሮ ተነሥቷል። አሁን በየመቀመጫው ነው የሚከፈለው፤ በሁለተኛ ማዕረግ 5.50 ዩሮ ስለሆነ ለአራት ሰው 22 ዩሮ ይመጣል። ጽሑፉ አሁንም የድሮውን ዋጋ ነው የሚጠቅሰው።

ለፍትሕ ሲባል ግን አንድ ነገር ልበል። ማስያዣ በማይጠየቅበት አገር ፓስ ለወላጅ የሚሰጠው ነፃነት እውነተኛ ነው። ቀድሞ የሚገዛው ርካሽ ትኬት ከአንድ ባቡር ጋር የታሰረ ነው። ልጁ ጣቢያ ላይ መጸዳጃ ቤት ካለ፣ ጫማው ከጠፋ፣ ባቡሩ ይሄዳል፣ ትኬቱም አብሮ ይሄዳል። ፓስ ያለው የሚቀጥለውን ይጠብቃል። ጉዟችሁ በጀርመን፣ በኦስትሪያና በስዊዘርላንድ ከሆነ፣ ልጆቹ ከ4 እስከ 11 ውስጥ ካሉ፣ መንገዶቹ ረጃጅም ከሆኑና ቀድማችሁ ቀን መቁረጥ ካልቻላችሁ እኔም ፓሱን ግዙ ነው የምላችሁ። እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። እሳቸው «ሁሌም» ባይሉ ኖሮ ይሄን ምላሽ አልጽፍም ነበር።

ስለ አንደኛ ማዕረግ ብዙ አልልም። ሰፋ ያለ ወንበርና ጸጥታ አለው፣ እውነት ነው። ግን ለልጆች ተብሎ የተሠራው ነገር ያለው ሁለተኛ ማዕረግ ውስጥ ነው። የስዊዘርላንድ ባለ ሁለት ፎቅ ኢንተርሲቲ ላይ መንሸራተቻ ያለው የቤተሰብ ፉርጎ አለ፣ ሁለተኛ ማዕረግ ነው። የጀርመን አይሲኢ ላይ ሕፃናት ለያዙ ሰዎች የተለየ ክፍል አለ፣ ሁለተኛ ማዕረግ። የኦስትሪያ ሬይልጄት ላይ የልጆች ሲኒማ አለ፣ እሱም የሁለተኛ ማዕረግ የቤተሰብ ክፍል ውስጥ ነው። ተጨማሪ ከፍላችሁ ልጆቹን ከመጫወቻው ታርቋቸዋላችሁ፤ ከዚያ ደግሞ ሥራ ይዞ የተቀመጠ ሰው ዞር ብሎ ባየ ቁጥር ልጆቻችሁን እሽ እሽ ስትሉ ትደርሳላችሁ። በዚያ ገንዘብ መቀመጫ አስይዙ።

አምስተኛው፣ የየአገሩ ካርድ ለነዋሪ ብቻ ነው የሚለው፣ በግልጽ ስህተት ነው። ይሄ ብዙ ቤተሰብን ገንዘብ የሚያስከስር ስህተት ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

የእንግሊዙን የቤተሰብና የወዳጆች ሬይልካርድ ውሰዱ። ማንም መግዛት ይችላል። ለአንድ ዓመት 35 ፓውንድ ነው። እስከ አራት አዋቂና እስከ አራት ልጅ ይሸፍናል፤ ለአዋቂዎቹ ሲሶውን፣ ለልጆቹ ከልጅ ዋጋው ላይ 60 በመቶ ይቀንሳል። የአዋቂ ትኬት 60 ፓውንድ የሆነበትን አንድ ጉዞ ለምሳሌ እንውሰድ። ሁለት አዋቂ 120፣ ሁለት ልጅ በግማሽ 60፣ ድምሩ 180 ፓውንድ። በካርዱ አዋቂዎቹ 40፣ 40፣ ልጆቹ 12፣ 12 ይሆናሉ፤ 104 ፓውንድ። የካርዱን 35 ጨምሩበት፣ 139። በአንዲት ጉዞ ካርዱ ዋጋውን መልሶ 41 ፓውንድ አትርፏል፣ ገና መመለሻው አለ። ሁለት ነገር ልብ በሉ። ቢያንስ አንድ ልጅ ትኬት ይዞ አብሮ መሄድ አለበት። ልጃችሁ ከ5 ዓመት በታች ከሆነና በነፃ የሚሄድ ከሆነ፣ ካርዱ እንዲሠራ ለእሱ የልጅ ትኬት ትገዛላችሁ፤ ያም ሆኖ ብዙ ጊዜ ያዋጣል። ሌላው፣ በለንደንና በደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ በሥራ ቀን ጠዋት በመጨናነቂያው ሰዓት አይሠራም።

ፈረንሳይ ካርት አቫንታዥ አለ። ዕድሜው ከ27 እስከ 59 ለሆነ ሰው በዓመት 49 ዩሮ ነው። ለባለ ካርዱና አብሮት ለሚሄድ አንድ አዋቂ 30 በመቶ፣ ከ4 እስከ 11 ዓመት ላሉ እስከ ሦስት ልጆች 60 በመቶ ይቀንሳል። ጉዞው ቅዳሜና እሑድን የሚነካ መሆን አለበት፤ ቀናችሁን በዚያ አስተካክሉ። ኦስትሪያ ደግሞ የቤተሰብ ፎርታይልስካርድ የሚባል የቅናሽ ካርድ በዓመት 19 ዩሮ አለ፤ ከ15 ዓመት በታች ያሉ እስከ አራት ልጆች ከባለ ካርዱ ጋር በነፃ ይሄዳሉ። በደቡብ ጀርመን ባየርን ግዛት ውስጥ ብቻ የምትዞሩ ከሆነ ባየርን ቲኬትን እዩ። የአንድ ቀን ትኬት ነው፣ እስከ አምስት ሰው ይሄድበታል፣ ከ6 እስከ 14 ያሉ የራሳችሁ ልጆች ከዚያ ላይ በነፃ ናቸው፣ እስከ ኦስትሪያዋ ሳልዝቡርግ ድረስም ያደርሳል። ፈጣን ባቡር ላይ አይሠራም፣ በሥራ ቀን ደግሞ የሚጀምረው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው።

ጸሐፊው ከየአገሩ ትኬት ለእንግዳ ይሆናል ያሉት አንዱን ብቻ ነው፤ የጀርመኑን ወርሃዊ ዶይቸላንድ ቲኬት። እሱ ደግሞ ለቤተሰብ እምብዛም አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2023 በ49 ዩሮ ጀምሮ፣ በ2025 ወደ 58፣ በ2026 ወደ 63 ዩሮ አድጓል። ከ6 ዓመት በላይ የሆነ ልጅ በእናንተ ትኬት አይሄድም፣ የራሱን ይፈልጋል። አይሲኢና ኢንተርሲቲ ላይ አይሠራም። በየወሩ የሚታደስ ምዝገባም ስለሆነ እስከ ወሩ 10ኛ ቀን ካልሰረዛችሁ የሚቀጥለውን ወርም ትከፍላላችሁ።

ደግሞ ዩሬይልና ኢንተርሬይል ጽሑፉ ላይ እንደ አንድ ነገር ተቀላቅለዋል። ኢንተርሬይል አውሮፓ ለሚኖር ሰው ነው፣ ዩሬይል ከአውሮፓ ውጭ ለሚኖር። ዜግነት ሳይሆን መኖሪያ ነው የሚታየው። በኢንተርሬይል በምትኖሩበት አገር ውስጥ እንደፈለጋችሁ አትሄዱበትም፤ ከአገሩ ለመውጣትና ወደ አገሩ ለመመለስ ብቻ ነው። እናንተ አውሮፓ ኖራችሁ እናታችሁ ከሌላ አህጉር መጥተው አብራችሁ የምትዞሩ ከሆነ፣ የእሳቸው ፓስ ዩሬይል ነው፣ የእናንተ ኢንተርሬይል። አንድ ላይ አዝዛችሁ እንዳትሳሳቱ። ሁሉንም ፓስ አንድ ስልክ ላይ መጫን ቢቻልም፣ ስልኩ አንድ ብቻ ከሆነ አንደኛችሁ ትንሹን ይዞ ሆቴል ቀርቶ ሌላኛችሁ ትልቁን ይዞ መሄድ አይቻልም። ከመነሻው በሁለት ስልክ ክፈሉት።

የመጨረሻው ጃፓን ነው። ጸሐፊው የሰጡት ምክር እ.ኤ.አ. እስከ መስከረም 2023 ድረስ ጥሩ ምክር ነበር። ያኔ የሰባት ቀን የጃፓን ሬይል ፓስ 29,650 የን ነበር፤ ከቶኪዮ ኪዮቶ ደርሶ መልስ ብቻ ወጪውን ይመልሳል ሊባል ትንሽ ነበር የሚቀረው። በጥቅምት 2023 ወደ 50,000 የን ዘለለ። ከ6 እስከ 11 ዓመት ያለ ልጅ የዚያን ግማሽ ይከፍላል። ሁለት አዋቂና አንድ የ8 ዓመት ልጅ 125,000 የን ማለት ነው። ቶኪዮ ኪዮቶ ደርሶ መልስ ተራ ትኬት ለአዋቂ ወደ 28,000፣ ለልጅ ወደ 14,000 ይሆናል፤ ለሦስቱ ወደ 70,000 የን። 55,000 የን ገደማ ልዩነት ነው። ከቶኪዮ ሂሮሺማ ደርሶ መልስ እንኳ ተራ ትኬቱ ከፓሱ በታች ነው። ፓሱ የሚያዋጣው በሰባት ቀን ውስጥ ከዚያ የበለጠ ረጅም መንገድ ለሚሮጥ ሰው ነው፤ ልጅ የያዘ ሰው ደግሞ እንደዚያ አይሮጥም።

ከ6 ዓመት በታች ያሉት እዚያም ነፃ ናቸው፣ በአንድ አዋቂ እስከ ሁለት። ግን በነፃ የሚሄድ ልጅ የራሱ መቀመጫ የለውም። ሺንካንሰኑ (የጃፓን ፈጣን ባቡር) ሞልቶ ከሆነ እናታቸው ወይም አባታቸው ጭን ላይ ናቸው። ከቶኪዮ ሂሮሺማ በጣም ፈጣኑ እንኳ ወደ አራት ሰዓት ይፈጃል። ፓሱ ደግሞ ያንን ፈጣኑን ኖዞሚን ያለ ተጨማሪ ክፍያ ስለማያስገባ መንገዱ ከዚያም ይረዝማል። የ5 ዓመት ልጅ ካላችሁ ለዚያ መንገድ የልጅ ትኬት ገዝታችሁ መቀመጫ ያዙለት፣ ዋጋውንም ከሌላው ጋር ወረቀታችሁ ላይ ጻፉት።